የገዛ ሰው ለምን ይጠብቃል?

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ሰው ፊልም በዲስክ ገዝቶ ቤቱ ይገባል፤ ዲስኩን ማጫወቻው ውስጥ ይከተዋል፤ ፊልሙ ግን አይጀምርም። በቅድሚያ የሕግ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከዚያ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሪሞቱን አንሥቶ ላሳልፈው ቢል ማሽኑ እምቢ ይለዋል። ጉዳዩ ይኸው ነው። ለአምስት ደቂቃ ጥበቃ ተብሎ ሰው አዳራሽ ይጠራል ወይ የሚል ይኖራል። እኔ ግን እነዚህን አምስት ደቂቃዎች ለዓመታት ሳወጣ ሳወርዳቸው ኖሬአለሁ። በገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ፣ የሚታዘዘው ለማን ነው? ይህ ጥያቄ ከፊልም ያልፋል፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

የምጠራቸውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ፤ ታሪኩ በአብዛኛው የተሠራው በአሜሪካና በጃፓን ነው።

በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። አንድ ጊዜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። እኛ ቤት እቴቴ ነው የምንላቸው። አንድ ዓርብ ማታ ለአምስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ቃል የገቡለትን የልጆች ፊልም ገዝተው መጡ። ፈንዲሻው በሳህን ተቀመጠ፣ ልጁ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ፣ እቴቴ የዲስኩን ፕላስቲክ በጥፍራቸው ቀደው ዲስኩን ከተቱት። ማስጠንቀቂያው መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ። ከዚያ የማስታወቂያ ሙዚቃ ጀመረ።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ ልጁ።

«ቆይ የኔ ጌታ፣ አሁን ይመጣል።»

እቴቴ ሪሞቱን አንሥተው የማሳለፊያውን ቁልፍ ተጫኑ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ በመሐሉ ሰረዝ ያለበት ትንሽ ክብ ብቅ ብሎ ጠፋ። ደግመው ተጫኑ፤ ክቡም ደግሞ መጣ። ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና ክንዳቸውን ዘርግተው ሞከሩ። ከዚያ ሪሞቱን ገልብጠው ክዳኑን ከፈቱ፤ ሁለቱን ባትሪዎች በአውራ ጣታቸው እያሹ አሽከረከሯቸው። ባትሪ የደከመ ሲመስለን ሁላችንም የምናደርገው ነው።

«ባትሪው ደህና ነው፣ እቴቴ» አልኳቸው። «የከለከለዎት ዲስኩ ነው።»

«ዲስኩ? አሁን የገዛሁት?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ቅድም የተጻፈው ምን ይል ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያለ ፈቃድ ያባዛ ሰው እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል እንደሚል ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ ላገኝለት አልቻልኩም። ደረሰኙ እቴቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልጁ ፈንዲሻውን ፊልሙ ሳይጀምር ጨርሶት ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን እንደ ማሽን ብልሽት ወይም እንደ ዕድል ነው የሚያየው። ብልሽት አይደለም፤ ተወስኖ የተሠራ ነው።

በካሴት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የቪኤችኤስ ካሴት በ1976 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ሥዕሉና ድምፁ ያለው ክሩ ላይ ነበር፤ ዴኩ ደግሞ ክሩን ይጎትታል። ማስጠንቀቂያውም ማስታወቂያውም ያኔ ነበሩ። ነገር ግን ክሩ ራሱ «አትለፈኝ» የሚልበት መንገድ አልነበረውም። በአዲስ አበባ ከቪዲዮ ቤት ካሴት እየተከራየን ያደግን ሰዎች እናስታውሳለን፦ ቁልፉን ስንጫን ሥዕሉ ነጭ ሰረዝ እየተሰነጠቀበት ይሮጣል፣ ርዕሱ ሲመጣ እንለቀዋለን። ዴኩ የሚሰማው ጣታችንን ብቻ ነበር።

ዲቪዲ በኅዳር ወር 1996 ጃፓን ውስጥ፣ በመጋቢት 1997 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀጭን ዲስክ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ትይዛለች። ሥዕሉ ከካሴት እጅግ የጠራ ነበር፤ ክር የለ፣ መጠቅለል የለ፣ ወደ ፈለጉት ምዕራፍ መዝለል ይቻላል። ሰው የወደደው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዲስኩ ከሥዕልና ከድምፅ ሌላ አንድ ነገር ይዞ መጣ፤ ለማጫወቻው የሚሰጥ ትእዛዝ። ዲስኩ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚጫወት፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ቅጽበት ተመልካቹ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ሁሉ ተጽፎበታል።

ይህ የመጨረሻው በሙያው ሰዎች ዘንድ ዩኦፒ ይባላል፤ የተጠቃሚን ትእዛዝ መከልከያ እንደ ማለት ነው። አንድ የሪሞት ሥራ፣ አንድ ምልክት ነው ነገሩ። ወደፊት ማሮጥ፣ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ መዝለል፣ ወደ ማውጫ መግባት፣ ቋንቋ መቀየር፣ የግርጌ ጽሑፍ ማብራት፣ ማቆም፤ እንዲህ እያለ ወደ 25 የሚጠጉ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ዲስኩን ያዘጋጀው ሰው ምልክቱን ካበራው ያ ሥራ በዚያ ቦታ ላይ ይታገዳል። እቴቴ ሪሞቱን ሲጫኑ ማጫወቻው ሰምቷቸዋል። ከዲስኩ ጋር አመሳከረና «ተከልክሏል» የሚለውን ክብ አሳያቸው። ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር።

ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ ይህ አሠራር ሲፈጠር በጎ ምክንያትም ነበረው። ዲስክ ላይ ለልጆች የጥያቄና መልስ ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ልጁ ጥያቄውን ሳያይ መልሱ ላይ እንዳይዘል ማገድ ይፈልጋል። በአንዳንድ ቦታም ዝላዩ ቅደም ተከተሉን ሊያዛባው ይችላል። የሙያ መሣሪያ ነው፣ በሥርዓቱ ከተያዘ ማንንም አይጎዳም። በሥርዓቱ ግን አልተያዘም። መጀመሪያ ለሕጉ ማስጠንቀቂያ ዋለ። ቆይቶ አንዳንድ ኩባንያዎች ለሸቀጥ ማስታወቂያ አዋሉት፤ ገዢው አስቀድሞ ዋጋውን ጨርሶ የከፈለበት ዲስክ ላይ፣ ሌላ ነገር እንዲገዛ የሚወተውት ማስታወቂያ፣ ያውም በቁልፍ ተቆልፎ።

አንድ ነገር በተለይ ያሳዝነኛል። ዲስክ አንዴ ከታተመ አይቀየርም። ከሃያ ዓመት በፊት የታተመ ዲስክ ዛሬ ብትከፍቱ «በቅርብ ቀን» ይላችኋል፤ በቅርብ ቀን የተባለው ፊልም ወጥቶ፣ ታይቶ፣ ተረስቷል። ማስታወቂያው ማንንም ወደ ሲኒማ ቤት አይወስድም፤ ለባለቤቱም አንዲት ሳንቲም አያስገባም። መዝጊያው ግን አሁንም ተዘግቷል። ጊዜያችንን ይወስዳል፣ ለማንም ግን አይሰጥም። በ2006 በመጣው ብሉ ሬይ ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ፦ ማጫወቻው ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዘ አንዳንድ ዲስኮች አዳዲስ ማስታወቂያ እያወረዱ ከፊልሙ በፊት ማቅረብ ጀመሩ። መደርደሪያችን ላይ የተቀመጠ፣ የእኛ የሆነ ዲስክ፣ እኛን ሳይጠይቅ ከውጭ ማስታወቂያ ይቀበል ነበር።

ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ሒሳቡን ያውቀዋል። ልጅ አንድን ፊልም አንዴ አይቶ አይተወውም። አምስት ደቂቃው በአርባ ጊዜ ሲባዛ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ሕፃን ሁለት ሙሉ ፊልም የሚያይበትን ጊዜ ሌላ ፊልም ግዛ የሚል ውትወታ ሲያይ ያሳልፋል፤ ሊያሳልፍለት የሚፈልግ ወላጁም አጠገቡ ተቀምጦ ምንም ማድረግ አይችልም።

ማጫወቻ ሠሪዎቹ ለምን እሺ አሉ? ገዢው የሚጠላውን ነገር ቸል የሚል ማሽን ሠርቶ መሸጥ አያዋጣም ነበር ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ሰንሰለት አለ። አንደኛው፣ የዲቪዲን ስምና ምልክት ማሽኑ ላይ ለመለጠፍ የተጻፈውን ዝርዝር መመሪያ መከተል ግድ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ኩባንያዎቹ ፊልሙን ዲስኩ ላይ ያሰፈሩት ሲኤስኤስ በሚባል ምስጢራዊ ኮድ ሸፍነው ነው። ኮዱን የሚፈታ ሚስጥራዊ ቁጥር የሌለው ማጫወቻ ፊልሙን ማንበብ አይችልም፤ ቁጥሩ የሚገኘውም ውል ፈርመው ፈቃድ ሲያወጡ ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ማጫወቻዎች፣ ዋጋቸውን የምንከፍለው እኛ ብንሆንም፣ ቃል የገቡት ለሌላ ነው።

ይህን ሰንሰለት የፈታው አንድ የኖርዌይ ልጅ ነው። ዮን ሌክ ዮሃንሰን ይባላል። በ1999 የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ የሲኤስኤስን ኮድ የሚፈታ ዲሲኤስኤስ የተባለ ሶፍትዌር አወጣ። ያኔ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የገዙትን ዲቪዲ ማየት የሚያስችል የተፈቀደ ማጫወቻ አልነበረም። የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር አቤት አለ፤ ልጁ ተከሰሰ። ጥር 2003 የኦስሎ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢልም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የይግባኙ ፍርድ ቤት እንደገና ነፃ አለው። በሕጋዊ መንገድ የተገዛን ዲስክ ከፍቶ ማየት የሌላ ሰው ቤት ሰብሮ እንደ መግባት አይቆጠርም፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መቆለፊያውን መክፈትን ራሱን ጥፋት አደረገው፤ ከፍቶ የሚሠራው ሥራ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ። ይህንኑ የኖርዌዩን ልጅ ሶፍትዌር በድረ ገጹ ያወጣ መጽሔት በ2000 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት እንዳያሠራጨው ታገደ። በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ሌላ ሕግ አወጣ። ቤተሰብ በቤቱ ፊልም ሲያይ ያልወደደውን ትዕይንት፣ ጸያፍ ቃሉን፣ ግድያውን፣ በቴክኖሎጂ ረዳትነት እየዘለለ ማየት ይችላል የሚል። በጎ ሕግ ነው። ነገር ግን እስቲ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፦ ዳይሬክተሩ የደከመበትን፣ ተዋናዩ ያለቀሰበትን ትዕይንት መዝለል ይፈቀዳል፤ የሌላ ፊልም ማስታወቂያን መዝለል ግን ሪሞቱ እምቢ ይላል።

2012 በተለይ መታወስ ያለበት ዓመት ነው። በግንቦት የአሜሪካ መንግሥት አዲስ ማስጠንቀቂያ አስተዋወቀ፤ ስድስቱ ታላላቅ የፊልም ኩባንያዎችም ተቀበሉት። አንድ የነበረው ገጽ ሁለት ሆነ፤ አንዱ የኤፍቢአይንና የአገር ውስጥ ደኅንነት መርማሪዎችን ዓርማ የያዘ፣ ሁለተኛው ስለ ቅጂ ጉዳት የሚያስተምር። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ይቆያል፤ ሁለቱም አይታለፉም። በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ሰው የገዛውን ዲቪዲ ለግል መጠቀሚያው ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገለብጥ ይፈቀድለት የሚል አቤቱታ ቀርቦ ውድቅ ሆነ።

አሁን የእቴቴን ጥያቄ እናንሣው። ማስጠንቀቂያው ለማን ነው የተጻፈው? አባዝቶ ለሚሸጠው ከሆነ፣ አባዢው አያየውም። ፊልሙን ሲገለብጥ መጀመሪያ ቆርጦ የሚጥለው ማስጠንቀቂያውንና ማስታወቂያውን ነው። ከእሱ በርካሽ የሚገዛው ሰውም አያየውም፤ ዲስኩን ሲከት ፊልሙ ወዲያው ይጀምርለታል። ማስጠንቀቂያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሱቅ ሄዶ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ብቻ ነው። በ2004 የተለቀቀውን ዝነኛ የፀረ ስርቆት ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ መኪና የሚሰርቅ፣ ቦርሳ የሚነጥቅ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው እያሳየ ፊልም መቅዳትንም ከእነሱ ጎን የሚያሰልፈው። በሲኒማ ቤትና በዲቪዲ ነበር የሚታየው። ትኬት የቆረጠ ሰውና ዲስክ የገዛ ሰው ፊት ማለት ነው። ይህ አሠራር ሐቀኛውን ይጎዳል፣ ሕገ ወጡን ዕቃ ደግሞ ከሕጋዊው የተሻለ ያደርገዋል። ከዚህ የባሰ የንግድ ስሕተት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሕጉስ ያዝዛል ወይ? አያዝዝም። አሜሪካ የበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነትን ስለ ተቀበለች ከመጋቢት 1989 ወዲህ የቅጂ መብት ጥበቃ ለማግኘት ምንም ዓይነት ምልክት መለጠፍ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ማስጠንቀቂያው ከዲስኩ ላይ ፈጽሞ ቢጠፋ ባለመብቱ መብቱን አያጣም። ሰዓታችን የሚወሰደው እንግዲህ ሕግ ስላስገደደ አይደለም፤ ስለሚቻል ነው።

በእኛ አገር ለመጽሐፍ ሌባ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የገለጠ ሰው ያውቃል። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል፣ አንዳንዴም በኅዳጉ፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል በግዕዝ ሰፍሮ ይገኛል። ከ250,000 ዶላር የሚያስፈራ ነው፣ በተለይ ለሚያምን ሰው። ነገር ግን ቦታውን ልብ በሉ። ግዝቱ የሚጠብቀው ሌባውን ነው፤ ዳዊት ሊደግም የተነሣው ካህን በየማለዳው ግዝቱን አንብቦ እንዲጨርስ አይገደድም። ቅጠሉን ገልጦ ወደ መዝሙሩ ያልፋል። ዛሬ በምንገዛው መጽሐፍ ላይም መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው የሚለው ገጽ አለ፤ እናየዋለን፣ እናልፈዋለን፣ ደራሲውም አይቀየምም። ለመጽሐፍ ያልታሰበው ነገር ለፊልም የታሰበው ማሽኑ ስለቻለ ብቻ ነው።

ስለ መጽሐፍ ካነሣን አንድ የአሜሪካ ክስ ልንገራችሁ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርብ ይመስለኛል። አንድ አሳታሚ በአንድ ልቦለድ የመጀመሪያ ገጾች ላይ፣ የዚህ መጽሐፍ ዋጋ አንድ ዶላር ነው፣ ከዚያ በታች የሸጠ የቅጂ መብታችንን እንደ ጣሰ ይቆጠራል የሚል ማስጠንቀቂያ አተመ። የኒው ዮርኩ የሜሲስ መደብር መጽሐፉን ገዝቶ በ89 ሳንቲም ሸጠው። አሳታሚው ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 ለመደብሩ ፈረደ፦ አሳታሚው መጽሐፉን አንዴ ሸጦ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ፣ ውስጡ በጻፈው ማስጠንቀቂያ ገዢውን እየተከተለ ሊያዝዘው አይችልም። ገዢው መጽሐፉን አባዝቶ ማተም አይፈቀድለትም፤ ያንን ቅጂ ግን እንደ ፈቀደ መሸጥ፣ ማዋስ፣ መስጠት ይችላል። መርሁ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ አለ፤ የቪዲዮ ኪራይ ቤት የኖረውም፣ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የሚኖረውም በእሱ ነው። በ1908 በጽሑፍ ሊደረግ ያልተፈቀደው ነገር ከዘጠና ዓመት በኋላ በማሽን ተደረገ። ጽሑፍ ሰውን ይለምናል ወይም ያስፈራራል፤ ማሽን ግን እጁን ይይዘዋል።

ይህ እጅ መያዝ እኛን ኢትዮጵያውያንን በሌላ በኩልም ነክቶናል። እቴቴ አዲስ አበባ ሲመጡ ያንኑ የልጆች ፊልም ለወንድሜ ልጆች በስጦታ ይዘውላቸው መጡ። ልጆቹ ዱባይ በተገዛ ላፕቶፕ ከፈቱት። ፊልሙ አልመጣም፤ የክልል ቁጥሩ አይገጥምም የሚል ጽሑፍ መጣ። ኩባንያዎቹ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋት ነበር፦ አሜሪካና ካናዳ 1፤ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5። ላፕቶፑን ወደ 1 መቀየር ይቻላል፤ ግን በዕድሜው አምስት ጊዜ ብቻ። ከአምስተኛው በኋላ የመጨረሻው ቁጥር ላይ እንዳለ ይቀራል። ዘመዶቻቸው በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይና በስቶክሆልም ለተበተኑባቸው እንደኛ ላሉ ቤተሰቦች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አክስት የገዛችው፣ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ ያመጣችው ስጦታ፣ ልጆቹ ፊት ተዘግቶ ይቀራል። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ላይ ክልል የማይመርጠውን የቻይና ማጫወቻ ይፈልግ የነበረው አለምክንያት አልነበረም።

ፊልም ሠሪውን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ቤቱን አስይዞ ፊልም የሠራ ሰው፣ ሥራው በወጣ በሳምንቱ መንገድ ላይ ተባዝቶ ሲሸጥ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ፊልም ሠሪ መሆን አያስፈልግም። በ1996 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ተገቢ ነበር፤ ሊከበርም ይገባዋል። የሰው ድካም መዝረፍ ነውር ነው። ግን ሌባ የሚያዘው ሌባው ባለበት ነው፤ በሚያባዛበት ቤት፣ በሚሸጥበት መንገድ። ገዢውን ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ ማስጠንቀቅ አንድም ሌባ አላስያዘም።

የዲስክ ዘመን አልፏል፣ ምን ያስጨንቃል የሚል ካለ፣ በከፊል እውነት ነው። ኔትፍሊክስ በ1998 የጀመረውን ዲቪዲ በፖስታ የማከራየት ሥራ መስከረም 29 ቀን 2023 ዘግቷል። ልማዱ ግን ከዲስኩ ጋር አልሞተም። በጥር 2024 የአማዞን የፊልም አገልግሎት አስቀድመው ይከፍሉ ለነበሩ የአሜሪካ ደንበኞቹ ማስታወቂያ አስገባ፤ ማስታወቂያውን ያልፈለገ በወር 2.99 ዶላር እንዲጨምር ተባለ። ዲስኩ ላይ እሺ ያልነው ነገር ተከትሎን መጣ። ያም ሆኖ ዲስክ አንድ ብልጫ አለው፤ ከመደርደሪያችን ላይ ማንም በርቀት አያነሣብንም። ለዚህ ነው ዲስኮቻችሁን አትጣሉ የምለው።

በእጃችን ስላለው መፍትሔ በአጭሩ። አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ማቆሚያውን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ የማጫወቻውን ቁልፍ መጫን በቀጥታ ወደ ፊልሙ ይወስዳል፤ ሁሉም ላይ ግን አይሠራም። ኮምፒውተር ላላችሁ ደግሞ በፓሪስ የምሕንድስና ተማሪዎች ተጀምሮ ዛሬ በዓለም ሁሉ በነፃ የሚሠራጨው ቪኤልሲ የተባለ የኮምፒውተር ማጫወቻ አለ፤ እነዚያን የክልከላ ምልክቶች አያስከብርም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ኮድ መፍታትን በተመለከተ ያልኳችሁን የ1998 ሕግ አስታውሱ። እቴቴ ራሳቸው ያገኙት ዘዴ ከሁለቱም ይቀላል፦ ዲስኩን ከትተው ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ፈንዲሻውን የሚጥዱት ያኔ ነው። ልጁ ፈንዲሻው ሲመጣ ፊልሙ እንደሚጀምር ያውቃል። አሁንም ግን ያ ጊዜ የእሳቸው ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊልም የምትሠሩ፣ ለስልክ መተግበሪያ የምትሠሩ፣ ቪዲዮ የምታሠራጩ ወጣቶች እንዳላችሁ አያለሁ። ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሥራችሁን ለገበያ ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ምሽት ወደ ቤታችሁ ውሰዱት። እናታችሁን፣ ታናናሾቻችሁን አስቀምጡና እንደ ማንኛውም ገዢ ከመጀመሪያው ክፈቱት። ሪሞቱን ለእናታችሁ ስጧቸው። ማሳለፍ ፈልገው ቁልፉን ሲጫኑ ይለፍላቸው።